129 ጥንዚዛዎች፦ የካሊፎርኒያ ብርቱካን እንዴት ተረፈ

በ1880ዎቹ አጋማሽ በሎስ አንጀለስ ዙሪያ ብርቱካን የሚያለሙ ሰዎች የገዛ ዛፎቻቸውን እየቆረጡ ያቃጥሉ ነበር። መሬቱ ለም ነው። ፀሐዩ ሞልቷል። ባቡሩም ፍሬውን ወደ ምሥራቅ የአሜሪካ ከተሞች ለመውሰድ ደርሷል። ዛፉ ግን ከጫፉ እስከ ግንዱ ነጭ ለብሶ ይደርቃል። ያጠበውም፣ የረጨውም፣ ያጠነውም ሰው አልሆነለትም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ማሳ ንጹህ ሆነ። ያጸዳችው ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቀይና ጥቁር ጥንዚዛ ናት። ጠቃሚ ነፍሳትን ተጠቅሞ ተባይን ስለመከላከል በተወራ ቁጥር ይህ ታሪክ ይነሳል። የሚነሳው ግን ባጭሩ ነው፤ ጥንዚዛ አመጡ፣ ተባዩ ጠፋ ተብሎ ያልቃል። በመሃል ያለው ሥራ ይዘለላል። ለጓሯችን የሚጠቅመን ደግሞ ያ የሚዘለለው ክፍል ነው ብዬ ስለማምን ጉዳዩን ከመጀመሪያው ላንሳው። ዓመቱንና ወሩን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነጩ ተባይ

ተባዩ በሳይንስ ስሙ አይሰሪያ ፐርቻሲ ይባላል። የካሊፎርኒያ ሰዎች "ኮተኒ ኩሽን ስኬል" ይሉታል። ስኬል የሚባሉት ነፍሳት ቅርንጫፍና ቅጠል ላይ ተለጥፈው የተክሉን ጭማቂ እየመጠጡ የሚኖሩ ናቸው። ይሄኛው ከሌሎቹ የሚለየው በእንቁላል ከረጢቱ ነው። እናቲቱ ከኋላዋ ሸንተረር ያለው፣ ጥጥ የሚመስል ነጭ ከረጢት ትሠራለች። እዚያ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ሲፈለፈል ደቃቃ ቀይ ልጆች ይወጡና በየቅጠሉ ይበተናሉ። ነፋስም ወደ ጎረቤት ማሳ ይወስዳቸዋል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። አብዛኞቹ ለመራባት ወንድ አያስፈልጋቸውም። አንዷ በራሷ ሁለቱንም ጾታ ይዛ እንቁላሏን ራሷ ታዳብራለች። ስለዚህ አንዲት ብቻ ችግኝ ላይ ተጣብቃ ባሕር ከተሻገረች ለወረርሽኝ ትበቃለች።

የገባውም በችግኝ ነው። በ1868 ገደማ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ ሜንሎ ፓርክ በሚባል ቦታ፣ አንድ የግል አትክልት ስፍራ ውስጥ፣ ከአውስትራሊያ በመጣ የግራር ችግኝ ላይ ታየ። መጀመሪያ የአንድ ግቢ ችግር ነበር። ዓመታት ቆይቶ ደቡብ ወረደና ብርቱካን አገኘ። ከዚያ በኋላ ማንም አላቆመውም።

ስኬሉ ዛፉን የሚጎዳው ጭማቂውን በመምጠጥ ብቻ አይደለም። ከሰውነቱ ጣፋጭ፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣል። ፈሳሹ ቅጠሉ ላይ ሲንጠባጠብ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ይበቅልበታል። ሻጋታው የፀሐይ ብርሃን ይከለክላል። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ቅርንጫፉ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ዛፉ ይሞታል።

ገበሬዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሳሙና፣ ላምባና የሚያቃጥል ሶዳ እየበጠበጡ ረጩ። ዳንኤል ኮኪሌት የሚባል የነፍሳት ባለሙያ ደግሞ በ1886 የተሻለ የሚመስል ነገር አገኘ። ዛፉን በድንኳን ሸፍኖ ውስጡን በሃይድሮጅን ሳያናይድ ጋዝ ያጥናል። ሙከራውን ያደረገው ሎስ አንጀለስ ከተማ አጠገብ በነበረው የዎልፍስኪል ቤተሰብ የብርቱካን ማሳ ነው። ጋዙ ስኬሉን ይገድላል፤ በዚህ ጥርጥር የለም። ግን ሰውንም የሚገድል ጋዝ ነው። ወጪውም ትልቅ ነው፤ ሥራውም ዛፍ በዛፍ ነው። አንድ ሰው ማሳውን አጥኖ ሲጨርስ ከጎረቤቱ ማሳ በነፋስ አዲስ መንጋ ይመጣበታል።

ሌላ ጥያቄ የጠየቀው ሰው

ቻርልስ ቫለንታይን ራይሊ በእንግሊዝ የተወለደ፣ በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የነፍሳት ክፍል ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። ሁሉም ሰው "በምን እንግደለው?" ሲል እሱ የያዘው ጥያቄ ሌላ ነበር፦ ይህ ተባይ አገሩ አውስትራሊያ ከሆነ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ዛፍ ሲጨርስ ለምን አልተሰማም?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ማለት ይህ ነው። በአገሩ ብዙ ጉዳት የማያደርስ ነፍሳት በሰው አገር ሲገባ መቅሰፍት ከሆነ፣ አገሩ ላይ የሚበላው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። በመርከብ የተሻገረው ተባዩ ብቻ ነው፤ ጠላቱ እዚያው ቀርቷል። ራይሊ ይህን ሐሳብ ከባዶ አላመጣውም። በ1883 ጎመን የሚበላውን ትል ለመቆጣጠር ከእንግሊዝ ትንንሽ ጥገኛ ተርቦችን አስመጥቶ ያውቅ ነበር።

ምልክትም ቶሎ ተገኘ። በደቡብ አውስትራሊያ አደላይድ ከተማ ፍሬዘር ክሮፎርድ የሚባል ሰው ስኬሉ ውስጥ እንቁላሏን የምትጥል ደቃቃ ዝንብ አገኘ። የዝንቧ እጭ ስኬሉን ከውስጥ በልቶት ይወጣል። ራይሊ ይህን ሲሰማ ተስፋውን ሁሉ በዝንቧ ላይ ጣለ። ሰው ልኮ በብዛት ማስመጣት ፈለገ።

እዚህ ላይ ቢሮክራሲ መጣ። የአሜሪካ ምክር ቤት የነፍሳት ክፍሉ ሠራተኞች በመንግሥት ገንዘብ ወደ ውጭ እንዳይሄዱ ከልክሎ ነበር። ራይሊ ለጉዞ የጠየቀው ገንዘብም አልተፈቀደለትም። መፍትሔው የመጣው ባልታሰበ በር ነው። በ1888 በሜልበርን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ አሜሪካ ልዑክ ትልክ ነበር። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ለኤግዚቢሽኑ ከያዘው በጀት 2,000 ዶላር ያህል ለአንድ የነፍሳት ባለሙያ ጉዞ እንዲውል ተስማሙ። የተመረጠው አልበርት ኮብሌ ነው፤ በትውልድ ጀርመናዊ፣ ዛፍ ሥር ተንበርክኮ ነፍሳት መልቀም የሚወድ ሰው። ኦገስት 25 ቀን 1888 ከሳን ፍራንሲስኮ በመርከብ ተነሣ።

የአደላይዱ ግቢ

ኮብሌ የተላከው ዝንቧን ፍለጋ ነው። ሥራውንም በደንብ ሠራ፤ በጠቅላላው 12,000 ያህል ዝንቦችን ከነስኬላቸው ሰብስቦ ላከ። ታሪኩን የቀየረው ግን ሌላ ግኝት ነው። ኦክቶበር 15 ቀን 1888 ሰሜን አደላይድ ውስጥ በአንድ አትክልት ስፍራ ስኬሉን ሲያይ፣ አንዲት ትንሽ ቀይ ጥንዚዛ ትልቁን ስኬል ስትበላ አገኛት። ያኔ ቬዳሊያ ካርዲናሊስ ትባል ነበር፤ ዛሬ ሳይንሱ ሮዶሊያ ካርዲናሊስ ይላታል። አብዛኛው ሰው ግን አሁንም ቬዳሊያ ነው የሚላት፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ኮብሌ የታዘዘው ዝንብ ስለሆነ ጥንዚዛዋን አይቶ ማለፍ ይችል ነበር። አላለፋትም። በወቅቱ አውስትራሊያ ውስጥ ስኬሉም ጥንዚዛዋም በብዛት አይገኙም ነበር፤ ከግቢ ግቢ እየዞረ አንድ በአንድ መልቀም ነበረበት። ስኬሉ የጠፋበት ምክንያት ደግሞ ራሷ የሚፈልጋት ጥንዚዛ እንደሆነች አስቡት። ሥራውን የምትሠራ ጠላት ባለችበት ቦታ ተባዩም ጠላቱም ጥቂት ናቸው።

ቀጥሎ ያለው ችግር መንገዱ ነው። ከአውስትራሊያ ሳን ፍራንሲስኮ በእንፋሎት መርከብ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። ኮብሌ ነፍሳቱን ከምግባቸው ጋር በሣጥን አሽጎ በመርከቡ የበረዶ ክፍል አስቀመጣቸው። ቅዝቃዜው ኑሯቸውን ያዘገየዋል፤ ሳይራቡ ይደርሳሉ። የመጀመሪያዎቹ 28 ቬዳሊያዎች ኖቬምበር 30 ደረሱ። በዲሴምበር መጨረሻ 44 ተከተሉ። በጃንዋሪ 1889 መጨረሻ አካባቢ ደግሞ 57። ድምሩ 129 ነው። በኋላ በፌብሩዋሪና በማርች ሌሎች ተጨምረው ጠቅላላው 514 ደርሷል። ሥራውን የጀመሩት ግን እነዚያ 129ኙ ናቸው። በእጅ መዳፍ ሊያዝ የሚችል ቁጥር ነው።

ድንኳኑ

ከጉዳዩ ሁሉ እኔ ደጋግሜ የማስበው ይህን ክፍል ነው። ሎስ አንጀለስ ላይ ነፍሳቱን የተቀበላቸው ያው ኮኪሌት ነው፤ የጋዙ ሰው። ቦታውም ያው የዎልፍስኪል ማሳ ነው። በስኬል የተወረረ አንድ የብርቱካን ዛፍ መረጠ። ዛፉን በስስ ጨርቅ ድንኳን ሸፈነው። ጥንዚዛዎቹን እዚያ ውስጥ ለቀቃቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው ማሳ ድንኳን የሚተከለው ለመግደል ነበር። አሁን የሚተከለው ለማርባት ሆነ።

ድንኳኑ ለምን አስፈለገ? 28 ጥንዚዛ በሰፊ ማሳ ላይ ቢበተን እርስ በርሱ አይገናኝም። ወንዱና ሴቷ ይጠፋፋሉ። ወፍና ሸረሪትም ይለቅሟቸዋል። ድንኳን ውስጥ ግን ምግቡ ሞልቷል፣ ጓደኛ ቅርብ ነው፣ ኮኪሌትም በየቀኑ ገብቶ ማየት ይችላል። ዛሬ ጓሮው ውስጥ ጥንዚዛ ገዝቶ የሚለቅ ሰው የሚስተው ይህን ነው። መልቀቅ ቀላል ነው። እዚያው እንዲቆዩና እንዲራቡ ማድረግ ነው ዋናው ሥራ።

ጥንዚዛዎቹ ወዲያው መብላት ጀመሩ። በኤፕሪል ድንኳኑ ውስጥ ያለው ዛፍ ስኬሉ ተሟጦ ስላለቀ የድንኳኑ አንድ ጎን ተከፈተ። ጥንዚዛዎቹ ወደ ጎረቤት ዛፎች ወጡ። ከዚያ ኮኪሌት ለሚፈልግ ሁሉ ማከፋፈል ጀመረ። እስከ ጁን 12 ቀን 1889 ድረስ 10,555 ቬዳሊያዎች ለ208 ባለማሳዎች ተሰጡ። ከ129 ተነሥቶ በ6 ወር ተኩል ውስጥ ማለት ነው። በነፃ ነበር የሚሰጠው።

ሳን ገብርኤል በሚባለው አካባቢ የነበረ ኮሎኔል ዶቢንስ የተባለ ባለማሳ በዚያው በጋ የጻፈው ደብዳቤ በመንግሥት ሪፖርት ውስጥ ታትሟል። 3,200 ዛፎቹ በሙሉ በጥንዚዛ ተሞልተው እንደነበር ይናገራል። በግቢው የነበሩት የጌጥ ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎችም ጸድተዋል። ሰዎች በየቀኑ እየመጡ በስኬል የተወረረ ቅርንጫፍ ከዛፎቹ ሥር መሬት ላይ ያኖራሉ። ሁለት ሰዓት ይጠብቃሉ። የተራቡት ጥንዚዛዎች ቅርንጫፉ ላይ በሺዎች ይሰፍራሉ። ሰዎቹ ይዘዋቸው ይሄዳሉ። ዶቢንስ ራሱ ከጁን 1 ወዲህ 63,000 አከፋፍያለሁ ብሏል።

ይህን ስርጭት ያስኬደው ጎረቤት ለጎረቤት መስጠቱ ነው። የመንግሥት ባለሙያ ብቻውን ያንን ሁሉ ማሳ ሊያዳርስ አይችልም ነበር። የሎስ አንጀለስ አውራጃ የብርቱካን ጭነት በአንድ ዓመት ከ700 ወደ 2,000 ፉርጎ እንዳደገ በወቅቱ ተመዝግቧል።

ለምን ሠራ?

ቬዳሊያ ሁሉን የምትበላ ጥንዚዛ አይደለችም። ምግቧ ይህ ስኬልና የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። እንቁላሏን የምትጥለው ስኬሉ ላይ ወይም ነጩ ከረጢት ላይ ነው። እጩ ሲፈለፈል ከረጢቱን ቦርቡሮ ይገባና እንቁላሉን እዚያው ይበላል። ከፍ ሲል ትልልቆቹን ስኬሎች ይበላል። በሞቃት ወራት ከእንቁላል እስከ ጥንዚዛ ለመድረስ አንድ ወር እንኳ አይሞላባትም። ስኬሉ ለአንድ ትውልድ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ያስፈልገዋል። እሷ ስትባዛ እሱ አይደርስባትም።

ደግሞም ትበራለች። ስኬሉ ተለጥፎ ይቀመጣል፤ እሷ ዛፍ ከዛፍ እየዞረች ትፈልገዋለች። ስኬሉ ሲያንስ እሷም ታንሳለች፤ አንድ ቦታ ላይ እንደገና ሲነሣ ትመጣለች። ስለዚህ ተባዩ ከካሊፎርኒያ ፈጽሞ አልጠፋም። ዛሬም አለ፤ እሷም አለች። ሁለቱም በጥቂቱ ይኖራሉ፤ ዛፉም ይኖራል።

ዝንቧስ? እሷም ለምዳ ቀርታለች። በተለይ ቀዝቀዝ በሚለው የባሕር ዳርቻ አካባቢ እስከ ዛሬ ትሠራለች። ራይሊ መጀመሪያ በእሷ ተስፋ ማድረጉ ስህተት አልነበረም።

ባለማሳዎቹ ለኮብሌ የወርቅ ሰዓት፣ ለባለቤቱ የአልማዝ ጉትቻ ሸለሙ። ምስጋናው ለማን ይገባል በሚለው ላይ ግን በዋሽንግተንና በካሊፎርኒያ ሰዎች መካከል የከረረ ጠብ ተነሣ። እኔ በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ክሮፎርድ፣ ራይሊ፣ ኮብሌና ኮኪሌት አራቱም ባይኖሩ ነገሩ አይሳካም ነበር።

ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ሁለተኛው ጉዞ ነው። በድሉ የተደሰተችው ካሊፎርኒያ በ1891 ኮብሌን እንደገና ላከችው። በዚህኛው ዙር ከ40 በላይ የጥንዚዛ ዝርያዎች በብዙ ሺህ ቁጥር መጡ። የታሰበው ለሌሎቹም ተባዮች ሁሉ እንደ ቬዳሊያ ያለች መድኃኒት እንዲገኝ ነው። ለምደው የቀሩት ግን በጣም ጥቂቶች ናቸው፤ የቬዳሊያን ያህል ውጤት ያሳየም አልተገኘም። ክሪፕቶሌመስ የምትባለው ጥንዚዛ ጥሩ ሆና ተገኘች፤ ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉትን ሚሊባግ የሚባሉ ተባዮች ትበላለች። ግን የካሊፎርኒያን ክረምት በብዛት ስለማትዘልቅ በሰው እጅ እየተራባች መለቀቅ ነበረባት። ጥንዚዛ ሁሉ አንድ አይደለም። የትኛው ተባይ በየትኛው ጠላት እንደሚበላ ሳያውቁ በብዛት መልቀቅ ልፋት ብቻ ነው።

መርዙ ሲመጣ

በ1940ዎቹ አጋማሽ ዲዲቲ የሚባለው የነፍሳት መርዝ ገበያ ላይ ዋለ። የብርቱካን ገበሬዎች ለሌሎች ተባዮች ብለው ረጩት። ዲዲቲ ስኬሉን እምብዛም አይነካውም፤ ቬዳሊያን ግን ይጨርሳታል። በካሊፎርኒያ ሳን ዋኪን ሸለቆ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተረሳው ነጭ ተባይ እንደገና ዛፎቹን ሸፈነ። ጥንዚዛዋን መልሶ ለማግኘት ለአንዷ እስከ 1 ዶላር የከፈሉ ገበሬዎች ነበሩ። ርጭቱ ሲስተካከልና ጥንዚዛዋ ስትመለስ ተባዩ እንደገና ወደቀ።

ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ቬዳሊያ በእርግጥ ሥራ ላይ እንደነበረች የታወቀው ስትጠፋ በታየው ነገር ነው።

ዛሬ ያ ስህተት በሌላ መልክ ይደገማል። ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባለው መድኃኒት አፈር ላይ ሲፈስ ዛፉ በሥሩ ስቦት ሰውነቱ ውስጥ ይሰራጫል። ለቬዳሊያ መርዝ ነው። የነፍሳትን ዕድገት የሚያዛቡ አንዳንድ አዳዲስ መድኃኒቶችም ለሰው የዋህ ናቸው ቢባሉም የእሷን እጭ ያመክናሉ። ጠርሙሱ ላይ "ለስኬል" የሚል ስለተጻፈ ብቻ መግዛት አይገባም።

የጋላፓጎሱን ጉዳይም ልጨምር፤ ጥንቃቄ ምን ማለት እንደሆነ ያሳያል። ስኬሉ በ1982 ጋላፓጎስ ደሴቶች ላይ ታየ። በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ዕፅዋትን ማጥቃት ጀመረ። ቬዳሊያ በዚያን ጊዜ ከ90 ዓመት በላይ የተመሰከረላት ነበረች። ቢሆንም ተመራማሪዎቹ አምጥተው ዝም ብለው አልለቀቋትም። ለዓመታት በተዘጋ ቦታ ውስጥ እያስቀመጡ፣ የደሴቶቹን የራሳቸውን ነፍሳት ትበላ እንደሆነ ፈተኗት። በ2002 ነው የተለቀቀችው። እንዲህ ነው የሚሠራው። ባዕድ ነፍሳትን በሻንጣ ይዞ አገር ማሻገር፣ ለበጎ ታስቦም ቢሆን፣ የመጀመሪያውን ጥፋት መድገም ነው። አይሰሪያም የመጣው አንድ ሰው ግቢውን ለማስዋብ ባስመጣው ተክል ነው።

ወደ ግቢያችን

ሎስ አንጀለስም ሆነ ሳን ሆዜ የምትኖሩ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ሎሚ ወይም ብርቱካን ካለ ይህ ነጭ ተባይ አንድ ቀን ሊገጥማችሁ ይችላል። ስታዩት መጀመሪያ ቀርባችሁ ተመልከቱ። ነጩ ከረጢት የተቀደደ ወይም ባዶ ከሆነ፣ ላዩ ላይ ሞላላ ቀይ እንቁላሎች ካሉ፣ ቀላ ያለ እጭ ሲሄድበት ካያችሁ ቬዳሊያ ደርሳለች ማለት ነው። ምንም አትርጩ። በሳምንታት ውስጥ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ጉንዳን ካለ ግን መጀመሪያ እሱን ተከላከሉ። ጉንዳኖች ጣፋጩን ፈሳሽ ስለሚወዱ ስኬሉን እንደ ከብት ይጠብቁታል፤ የሚመጡበትን ጥንዚዛዎች ያባርራሉ። ግድግዳና አጥር የሚነኩትን ቅርንጫፎች ቁረጡ። ግንዱ ላይ ወፍራም ቴፕ ጠቅልላችሁ፣ በቴፑ ላይ ለዚህ ተብሎ የሚሸጠውን የሚያጣብቅ ቅባት ቀቡ። ጉንዳኑ ከቆመ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ቬዳሊያ ከሌለች ጎረቤት ጠይቁ። በዶቢንስ ዘመን እንደተደረገው ቅርንጫፍ ይዞ መዞር ግን ዛሬ አይቻልም። ብርቱካንና ሎሚን የሚገድል ሌላ በሽታ ስላለ በካሊፎርኒያ የእነዚህን ዛፎች ቅጠልና ቅርንጫፍ ከቦታ ቦታ ማዘዋወር በሕግ የተገደበ ነው። ጥንዚዛዎቹን ብቻ በትንሽ ሣጥን ይዛችሁ ኑ።

ሱቅ ውስጥ በከረጢት የሚሸጡት ቀያይ ጥንዚዛዎች ለዚህ አይሆኑም። እነሱ በአብዛኛው ተራራ ላይ ክረምቱን ለማሳለፍ ከተሰበሰቡበት የሚለቀሙ ሌላ ዝርያ ናቸው። የሚበሉት ክሽክሽ የሚባሉትን ጭማቂ የሚመጡ ደቃቃ ነፍሳት ነው። ሲለቀቁም አብዛኞቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ በረው ይሄዳሉ።

አገር ቤት ላለን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሁልጊዜ ጠላቱ ከውጭ አይመጣም። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2017 ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎ ሲያጠቃ ተመራማሪዎች ትሉን ሰብስበው ምን እንደሚበላው አዩ። ኮቴዥያ አይሲፔ የምትባል ጥገኛ ተርብ፣ እዚሁ አፍሪካ የምትኖር፣ አዲሱን ተባይ አግኝታ እንቁላሏን ትጥልበት ጀምራ ነበር። በኢትዮጵያ ከተሰበሰቡት ትሎች ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑት በእሷ የተጠቁ ሆነው ተገኙ። ማንም አላመጣትም፣ ማንም አልለቀቃትም። ሳይደግስ አይጣላም ያሰኛል።

ስለዚህ ጓሯችሁ ያለው ጎመን ላይ ክሽክሽ ስታዩ ቅጠሉን ገልብጡት። ከሌሎቹ መካከል ያበጡ፣ ቡናማ የሆኑ፣ የማይንቀሳቀሱ ክሽክሾች ካሉ ጥገኛ ተርብ ገብታባቸዋለች። ጀርባቸው ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ ልጇ አድጋ ወጥታለች። ያንን ቅጠል አትቁረጡት፤ ቀዳዳ ከሌላቸው ውስጥ ገና የሚወጡ ተርቦች አሉ። ክሽክሽ ብቻ የሞላበትን ቅጠል በውሃ እጠቡት ወይም ቆርጣችሁ አውጡት። ዳር ዳሩን ድንብላልና እንስላል ዝሩና ጥቂቱን ሳትቀጥፉ እንዲያብብ ተዉት። ያደጉት ተርቦች የሚኖሩት በአበባ ማር ነውና፣ ክሽክሹ ሲያንስም እዚያው ይቆያሉ።